ለጠላፊ ሽማግሌ አንሁን

እኩዮቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ጠላፊዎቹ ጎረምሶች አይደለም፤ ስለ እኛ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ነው።

ልጅ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ስትቀር አገሬው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እናት እሪ ትላለች፣ ሰው ዱላና ባትሪ ይዞ ወደ ወንዙ፣ ወደ ጫካው ይበተናል። ልጅቷን የሚያተርፋት ያ ሌሊት ነው። ጎሕ ሲቀድ ግን ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከአባቷ ደጅ ይቆማሉ፤ "ልጅህ በደኅና ሰው እጅ ናት፣ ለእርቅ መጥተናል" ይላሉ። ፍለጋው በዚያው ያበቃል። ልጅቷ ያለችበትን ቤት የሚያውቁት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቤቱን ግን አይናገሩም። ጠላፊው የሚፈልገው ጊዜ ነው፣ ጊዜውን የምንሰጠው እኛ ነን።

ቀድሞ ሕጉም ከእኛ ጋር ነበር። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱን ይተውለት ነበርና፣ "ጋብቻ ይሁን" ያለ ሽማግሌ ደግ የሠራ ይመስለው ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያን ሽሮታል። አንቀጽ 587 በጠላፊው ላይ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጥላል፤ ከጠለፋው በኋላ የመጣ ጋብቻም ከቅጣት አያድነውም። የቤተሰብ ሕጉም ከ1992 ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል።

ሕጉ ሳይለወጥ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትሞክር በጠመንጃ ጠላፊዋን ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፣ ፍርድ ቤትም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። "ድፍረት" የተባለው ፊልም የተሠራው ከዚህ ታሪክ ነው። ሰው ሲያነሣት ስለ ጥይቱ ያወራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ ያቺ ሕፃን በዚያች ሰዓት ከጠመንጃ በቀር የደረሰላት አልነበረም።

"እርቅ ካልወረደ ደም ይፈሳል" የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ይፈሳል፤ ደም ማድረቅም የእኛው ሥራ ነው። ግን ልጅቷ እናቷ ቤት ትግባ፣ ሐኪም ይያት፣ ጠላፊው ሕግ ፊት ይቁም፤ ሁለቱን ቤተሰብ ማቀራረብ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የጠላፊው ዘመድ "ሂዱልን" ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን "ልጅቷ የት ናት?" ይሁን። መልሱን ይዘን የምንሄደው ወደ ፖሊስ ነው፤ ዝም ካለም የመጣውን ሰው ስም ይዘን እንሂድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሳይነጋ።

ከእንግዲህ ለጠላፊ ደጅ የጠና ሽማግሌ በለቅሶም በሠርግም ከፊት አይቀመጥ። ምርቃቱንም አንቀበል።