«አባቴ ሳጥኑን ሽጠው አለኝ፤ ምን ትመክረኛለህ?»

የዛሬው ደብዳቤ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከደባርቅ የመጣ ነው። ከለመድናቸው የፍቅርና የትዳር ደብዳቤዎች ለየት ይላል። ፍቅር የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። እስቲ አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው። የአዝማሪ ልጅ ነኝ። ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ እየጎተትኩ ነበር የምኖረው። አንድ ፈረንጅ እንግዳ ሲሰናበተኝ ቀዳዳና ማዞሪያ የበዛበት፣ ድምፅ የሚያወጣ ሳጥን ከነገመዶቹ ሰጠኝ። ሞዱላር ሲንተሳይዘር ይባላል። አባቴ ያሳደገን በማሲንቆ ነው። አምና ታሞ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ስላለው ደጋኑን መያዝ አቃተው። እህቴ በጥር ታገባለች። በአባቴ ፋንታ በዚህ ሳጥን ልጫወት ብዬ ብሞክር ወይ ይጮኻል፣ ወይ ዝም ይላል። ዜማ ሲወጣውም የኛ አይመስልም። አባቴ ሰማና ‹ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ማን እንደሚጨፍር አያይም፤ ሽጠው› አለኝ። ጎንደር ገዢ አግኝቻለሁ። ልሽጠው ወይስ ላቆየው?»

ወንድሜ፣ አትሽጠው። አባትህ ያሉት ግን እውነት ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ልንገርህ።

መጀመሪያ ነገር ሳጥኑን አትፍራው። የተበታተነ ማሲንቆ ነው ብለህ አስበው። ድምፁን የሚወልደው ክፍል ኦሲሌተር ይባላል፤ ይህ የማሲንቆው ጭራ ነው። ድምፁን የሚያወፍረውና የሚያቀጥነው ፊልተር ደግሞ ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ነው። ቪሲኤ የሚባለው የድምፅ በር ነው፤ ኢንቨሎፑ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ እጅ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ደጋኑን ይሆኑልሃል። ጭራው ላይ የሚሮጡት የግራ እጅ ጣቶችስ? እነሱ ሲኩዌንሰሩ ናቸው።

ልዩነቱ ምን መሰለህ? ማሲንቆ ላይ ይህን ሁሉ አያይዞ የሚያመጣልህ ሠሪው ነው። ሞዱላር ላይ ግን ማንም አላያያዘልህም። አሜሪካኖቹ ሮበርት ሙግና ዶን ቡክላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ዓይነት መሣሪያ ሲሠሩ ማያያዙን ለተጫዋቹ ተዉለት። ስለዚህ ዝም ሲልህ ተበላሽቷል አትበል፤ አንድ ገመድ ጎድሎ ይሆናል።

ለጀማሪ ስድስት ገመድ ይበቃል። ሌላውን ሁሉ ነቅለህ በዚህ ቅደም ተከተል ሰካ።

አንደኛ፣ ከሲኩዌንሰሩ የዜማ መውጫ ወደ ኦሲሌተሩ የዜማ መግቢያ። ሁለተኛ፣ ከኦሲሌተሩ ወደ ፊልተሩ። ሦስተኛ፣ ከፊልተሩ ወደ ቪሲኤው። አራተኛ፣ ከቪሲኤው ወደ ስፒከር መውጫው። አምስተኛ፣ ጌት ከሚባለው የሲኩዌንሰሩ መውጫ ወደ ኢንቨሎፑ። ስድስተኛ፣ ከኢንቨሎፑ ወደ ቪሲኤው መቆጣጠሪያ ቀዳዳ።

አለቀ! ሳያቋርጥ የሚጮኽ ከሆነ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ተመልከት፤ የቪሲኤው ማዞሪያም ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል። የሚያፏጭ ከሆነ የፊልተሩን ሬዞናንስ ቀንስ። ዝም ካለ ፊልተሩ እስከ ታች ተዘግቶ እንደሆነ እይ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ «የኛ አይመስልም» ወዳልከው። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንዱ ቅኝቱ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች አንድ ኦክቴቭ አንድ ቮልት ነው። ያ አንድ ቮልት ለ12 እኩል ይከፈላል። የሲኩዌንሰሩን ማዞሪያዎች እንደመጣልህ ካዞርካቸው ከ12ቱ የትም ያርፋሉ፤ በመካከላቸውም ሊያርፉ ይችላሉ። የኛ ቅኝት ግን አምስት ድምፅ ነው የሚመርጠው። ለትዝታ ሜጀር፣ መነሻህን ዜሮ ካልነው፣ 0፣ 0.17፣ 0.33፣ 0.58 እና 0.75 ቮልት ላይ ታርፋለህ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ መሆኑ ነው። ቮልት መለኪያ ከሌለህ በስልክህ መቃኛ አውርደህ ድምፅ በድምፅ አስተካክል። አባትህ አጠገብህ ተቀምጠው «ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ» ካሉህ ግን ቁጥሩን ትተህ እሳቸውን እመን።

ሁለተኛው አቆጣጠሩ ነው። እኔም በዚህ ብዙ ተሰቃይቻለሁ። ለጀማሪ የሚሸጠው ሲኩዌንሰር አብዛኛውን ጊዜ ስምንት እርምጃ ነው። ፈረንጅ በአራትና በስምንት ይቆጥራል። ሰው እስክስታ የሚወርድበት የኛ ጭክችካ ግን በስድስት ነው የሚሄደው። በስምንት ስትለቀው ዜማው ደህና ጀምሮ ሁለት እርምጃ ይተርፈውና ትከሻ ይሰብራል። የእርምጃ ብዛት መወሰኛ ካለው ስድስት ላይ አድርገው። ከሌለውና ለየእርምጃው መውጫ ካለው፣ ከሰባተኛው እርምጃ መውጫ ወደ ሪሴት አንድ ገመድ ሰካ። ሰባት ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ይመለስልሃል። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርገህ ከፍለህ አንደኛውንና አራተኛውን ጫን በላቸው። ያኔ ቤት ውስጥ ማን ትከሻውን እንደሚነቀንቅ ታያለህ።

አሁን ደግሞ አባትህ ወዳሉት። «ማን እንደሚጨፍር አያይም።» ወንድሜ፣ ይህን ያህል አጥርቶ የተናገረ የመሣሪያ መምህር አላጋጠመኝም! አዝማሪ ጨፋሪው ሲሞቅ ያፈጥናል፣ ሲደክም ያበርዳል፣ ሙሽራዋ ስትነሳ ያውቃል። ሳጥኑ ግን ክሎክ የሚባል የራሱ ቆጣሪ አለውና ቤቱ ቢቃጠልም በያዘው ፍጥነት ይሄዳል። ዓይን ያስፈልገዋል። ያን ዓይን ከየት ታመጣለህ? አጠገብህ አለልህ እኮ!

የአባትህ ቀኝ እጅ ነው የታመመው። ግራ እጃቸው ደህና ከሆነ የክሎኩን ማዞሪያ ለእሳቸው ስጥ። ጨፋሪውን እያዩ ያፍጥኑ፣ ያብርዱ። ድምፃቸውም አለ፤ አዝማሪ ማሲንቆው ብቻ አይደለም፣ ግጥሙና ጉሮሮውም ነው። ኦሲሌተሩን በስልክህ «ዶ» ላይ አታስረው። አባትህ በሚመቻቸው ከፍታ ያንጎራጉሩ፣ አንተ መነሻ ድምፁን ወደ እሳቸው ቃኘው። ማሲንቆስ በዘፋኙ ድምፅ አይደል የሚቃኘው?

ይህን ስልህ አዲስ ነገር መፍጠሬ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሲሠራ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ደርድሮ ነበር። ያም ሆኖ በወጣትነቱ የለመደውን አኮርዲዮን አልተወም። ዜማውን ለአኮርዲዮኑ ሰጥቶ ሌላውን አጃቢ አደረገው። በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ያንተ አኮርዲዮን የአባትህ ድምፅ ነው። ሳጥኑ ይከተላቸው እንጂ አይቅደማቸው።

ግን አደራ፣ ሠርጉ ቀን ድንገት አምጥተህ ፊታቸው አታስቀምጥ። «በእኔ ፋንታ ልጄ መጣ» የሚለው ስሜት ለታመመ አባት ከባድ ነው። ዛሬ ማታ ሂድና «አባባ፣ ብቻዬን አልቻልኩም፤ ፍጥነቱን ያዝልኝ» በለው። እውነቱም ይኸው ነው። እምቢ ካለ አትጫነው። ማሲንቆ የሚመታ ዘመድ ጠርታችሁ ሠርጉ ይለቅ፤ ሳጥኑ የትም አይሄድም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከሳጥኑ ጀርባ ክፍሎቹን ከመብራት ጋር የሚያገናኝ ጠፍጣፋ ገመድ አለ። ብዙ ጊዜ ቀይ መስመሩ በኔጌቲቭ 12 ቮልት በኩል ነው የሚሆነው። እኔ የጓደኛዬን ዕቃ ገልብጬ ሰክቼ አንዱን ክፍል አቃጥያለሁ፤ ለማካካስ ስንት ወር እንደፈጀብኝ አትጠይቀኝ። ሳታጠፋው ጀርባውን አትንካ። መብራት ከጠፋ ከሶኬት ንቀለው፤ ሲመለስ ኃይሉ ሊያገኘው ይችላል። ደግሞ ደባርቅ ብርድ ነው፤ አናሎግ ኦሲሌተር በብርድና በሙቀት ቅኝቱ ይሸሻል። ከጭፈራው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ አብራውና ሲሞቅ ቃኘው።

ሳጥኑ የሌላችሁና መሞከር የምትፈልጉ ደግሞ ኮምፒዩተር ካገኛችሁ ቪሲቪ ራክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። ስድስቱን ገመድ በማውስ እየጎተታችሁ ትሰካላችሁ። ቢሳሳቱም የሚቃጠል የለም።

ወንድሜ፣ ለጎንደሩ ገዢ «ይቅርታ፣ ዕቃው ባለቤት አገኘ» በለው። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ጻፍልኝ፤ አባትህ የቱ ላይ እንዳፈጠኑ መስማት እፈልጋለሁ። ለእህትህ መልካም ጋብቻ፣ ለአባትህ ምሕረት ይሁን።

እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!