ጀግና ቁመት አለውን?

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ በመሆኔ ለሲኒማ ፈጥኜ የምማረክ ሰው አይደለሁም። ዳሩ ግን በቅርቡ እዚህ ኩታበር ጥቂት ወጣቶች «ክራምብስ» የተባለውን ፊልም እያዩ፥ «ይህ ደግሞ ምን ጀግና ነው!» ብለው ሲስቁበት ሰምቼ ዝም ማለት አልተቻለኝም።

ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሚጌል ያንሶ የተባለ የስፔን ሰው ነው፤ ንግግሩ ግን አማርኛ፥ ምድሩም የኛው ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ፥ ትውልዴ ከሰማይ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው፥ በሰማይ ወደ ተንጠለጠለችው መርከብ የሚወጣበትን መንገድ ፍለጋ ሩቅ አገር ይሄዳል። ይህን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ዳንኤል ታደሰ ቁመቱ አጭር፥ ጀርባው የጎበጠ ነው። አይበርም፤ ይፈራል፤ ፍቅሩን ግን አይጥልም። እናንተ ሱፐርማን ካባውን ለብሶ ሲበር ታጨበጭባላችሁ። ጥይት የማይበሳው ሰው ቢደፍር ምኑ ያስደንቃል?

ጉድለቱንም አልሸሽግም። ነገሩ እንቆቅልሽ ይበዛበታል፤ ሰላም ተስፋዬን የመሰለች ተዋናይትም እቤት ተቀምጣ እንድትጠብቅ መደረጓ አላስደሰተኝም። ለማይክል ጆርዳን እንደ ጣዖት ሲሰገድለት ግን፥ እኔም ሽማግሌው ሳቅሁ።

እኔ ራሴ ከናንተ ስሕተት ንጹሕ አይደለሁም። አስተማሪ ሳለሁ፥ ለትምህርት ቤት ቴአትር የንጉሡን ቃል ከሁሉ አጥርቶ ያጠናውን ጎባጣ ልጅ ትቼ ቦታውን ለመለሎው ሰጠሁት። ያም ልጅ ከመጋረጃው በስተኋላ ቆሞ፥ ንጉሡ በረሳ ቁጥር ቃሉን ያቀብለው ነበር።