ጥርጣሬውን አትንጠቁን

የሙት መንፈስ ታሪክ የያዘ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲቀየር አንድ ልማድ እንደ ሕግ ተቆጥሮ ኖሯል፤ ደራሲው የሸሸገውን ካሜራው ገልጦ ማሳየት አለበት የሚል። ተመልካች የሚከፍለው ለማየት ነውና መንፈሱ በአካል ይምጣለት ይባላል። ይህ ልማድ የዘርፉን ምርጥ መጻሕፍት ነፍስ አልባ እያደረጋቸው ነው።

የሸርሊ ጃክሰንን «ዘ ሆንቲንግ ኦቭ ሂል ሃውስ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመው ይህ የአሜሪካ ልብ ወለድ የኤሌኖር ታሪክ ነው። ታማሚ እናቷን ስታስታምም ወጣትነቷ ያለፈባት፣ የኔ የምትለው ቤት የሌላት ሴት ናት። መንፈስ አለበት በተባለ ቤት ስትሰነብት ሌሊት በር ይደበደባል፤ ግድግዳ ላይ ስሟ ተጽፎ ይገኛል። ይህን የሚያደርገው ቤቱ ይሁን የእሷው የተጎዳ አእምሮ፣ ጃክሰን ቁርጡን አትነግረንም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ አንባቢው ከኤሌኖር አእምሮ ውጭ የሚቆምበት መሬት ያጣል።

የፊልም አዘጋጁ ሮበርት ዋይዝ ይህ ገብቶታል። በ1963 ከዚሁ መጽሐፍ በጥቁርና ነጭ በሠራው ፊልም አንድም መንፈስ በግልጽ አይታይም። ድብደባው በኮሪደሩ እየቀረበ ሲመጣ ካሜራው በፍርሃት ከተቃቀፉት ሁለት ሴቶች ጋር ክፍሉ ውስጥ ይቆያል። በሌላ ሌሊት ደግሞ ወፍራሙ በር እንደሚተነፍስ ደረት ወደ ውስጥ ይለጠጣል። ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ የሚወስነው ተመልካቹ ነው።

ያን ደ ቦንት በ1999 ያንኑ መጽሐፍ ዳግም ወደ ፊልም ሲቀይር 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። የተቀረጹ የሕፃናት ፊቶች በኮምፒውተር ነፍስ ዘሩ፤ የቤቱ የቀድሞ ጌታ ግዙፍ መንፈስ ሆኖ ተገለጠ። ኤሌኖርም የታሰሩ ሕፃናትን ነፍስ የምታስፈታ ጀግና ሆነች። መንፈሱ እውነት መሆኑ አንዴ ከተረጋገጠ ስለ እሷ የምንጠይቀው ምን ቀረ? ብቸኝነቷ ከታሪኩ ወጣ፤ የተረፈው ከጭራቅ ጋር የሚደረግ ፍልሚያ ነው።

ፊልም የዓይን ጥበብ ስለሆነ ሳያሳይ አይሆንለትም የሚሉ አሉ። ጃክ ክሌይተን በ1961 የሄንሪ ጄምስን «ዘ ተርን ኦቭ ዘ ስክሩ» ወስዶ «ዘ ኢኖሰንትስ»ን ሲሠራ መንፈሶቹን አሳይቷል። የሞተችው ሞግዚት ከሐይቁ ማዶ፣ በሸምበቆ መሐል፣ በቀን ብርሃን ቆማ እናያታለን። ሆኖም አየሁ ብላ የምትምለው አዲሷ ሞግዚት ብቻ ናት፤ የምናየውም በእሷ ዓይን ነው። የካሜራ ባለሙያው ፍሬዲ ፍራንሲስ የምስሉን ዳርና ዳር በቀለም በተቀቡ ማጣሪያዎች አጨለመው፤ ሰፊው ስክሪን ጠበበ፤ እኛም ከእሷ ጋር ታፈንን። ስለዚህ ማሳየት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የታየውን ማረጋገጥ ነው።

የፊልም ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሥራውን ሲጀምር ደራሲው ሊመልሰው ያልፈለገው ጥያቄ የቱ እንደሆነ ይለይ፤ ያንን ጥያቄም እስከ መጨረሻው ትዕይንት ይጠብቅ። አዘጋጁም ገንዘቡን ለድምፅ፣ ለብርሃንና ፊቷ ጥርጣሬን መሸከም ለምትችል ተዋናይት ያውጣ። ሆን ተብሎ ክፍት የተተወን ጥያቄ በስክሪን ላይ መዝጋት ለመጽሐፉ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ በስሙ ሌላ፣ ያነሰ ታሪክ መሸጥ ነው።