ያልተጠሩት አምስቱ

«ጠንካሮቹ ብቻቸውን ቢጫወቱ ኳሱ እንዴት ባማረ!» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በካፌውም በታክሲውም በስፖርት ሬዲዮውም እሰማዋለሁ። ትንሽ ክለብ ሸክም ነው፣ ትልቁ ላቡን ያፈሰሰበትን ገቢ ለምን ያካፍላል፣ የደከመ ይውደቅ... ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ዛሬ የመጣሁት ይህን ወሬ ልሞግት ነው። ምስክሬን የምጠራው ደግሞ ከሩቅ ነው፤ ከሜልበርን፣ ከ1897 የውድድር ዘመን። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አሁን ማን ይሙት፣ ለዚህ ሲባል አውስትራሊያ ድረስ ይኬዳል?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይኬዳል። ምክንያቱም እዚያ ይህ ሐሳብ በወሬ አልቀረም፤ ተሞክሯል። መጨረሻውንም እናውቀዋለን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሜልበርን ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የቪክቶሪያ ዋና ከተማ ነበረች። ጨዋታውም እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ ሞላላ፣ ሜዳው ሞላላ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት፣ ኦፍሳይድ የሚባል ጣጣ የሌለበት ጨዋታ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሕጎች የሜልበርን ክለብ ሰዎች በ1859 ጻፉ። በ1877 ደግሞ ክለቦቹ ተሰባስበው የቪክቶሪያ እግር ኳስ ማኅበርን አቋቋሙ። በ1896 በማኅበሩ ውስጥ 13 ክለቦች ይወዳደሩ ነበር።

ዘመኑ ክፉ ነበር። በ1893 የሜልበርን ባንኮች ተራ በተራ በራቸውን ዘግተው ከተማዋ ከድህነት ጋር ትታገላለች። በዚህ ላይ በክለቦቹ መካከል ያለው የገቢ ልዩነት እየሰፋ ሄደ። ከበር የሚሰበሰበው ገንዘብ ለክለቦቹ ይከፋፈል የሚል ሐሳብ ሲነሳ ትልልቆቹ ክለቦች ምን አደረጉ? ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። የቪክቶሪያ እግር ኳስ ሊግ የሚባል የራሳቸውን ቤት ሠሩ። ስምንት ክለቦች ገቡበት፤ ካርልተን፣ ኮሊንግውድ፣ ኤሰንደን፣ ፊትዝሮይ፣ ጂሎንግ፣ ሜልበርን፣ ሴንት ኪልዳና ሳውዝ ሜልበርን። አምስቱን ግን ማንም አልጠራቸውም። ኖርዝ ሜልበርን፣ ፖርት ሜልበርን፣ ዊሊያምስታውን፣ ሪችመንድና ፉትስክሬይ ከደጅ ቀሩ።

የሊጉ ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «በ1896 ስምንት ክለቦች ሊጉን መሠረቱ» ተብሎ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም። ግን ጋዜጠኝነት ስማር የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ማን እንደተገኘ ብቻ የሚነግራችሁ ዜና ግማሽ ዜና መሆኑን ነው። «መሠረቱ» የሚለው ቃል «ጥለው ወጡ» የሚለውን ጥሩ አድርጎ ይሸፍነዋል።

እሺ፣ ወጡ እንበል። ጠንካሮቹ ናቸው የወጡት? እስቲ የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን እንየው። ስምንቱ ክለቦች እያንዳንዳቸው 14 ጨዋታ ተጫወቱ። ሴንት ኪልዳ አሥራ አራቱንም ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመትም ሁሉንም ተሸነፈ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ሦስት የውድድር ዘመን ሙሉ፣ 48 ጨዋታ፣ አንድም ድል የለም! «ደካማ ይውጣልን» ብሎ የተሠራ ቤት ውስጥ ሴንት ኪልዳ ምን ይሠራል? መልሱ ቀላል ነው። መለኪያው ጉልበት አልነበረማ! ማን ጥሩ ሜዳ አለው፣ ማን ተመልካች ያመጣል የሚለው ነው ሲቆጠር የነበረው። ድህነትም ብቻውን አላስወጣም፤ ኮሊንግውድ የላብ አደር ሰፈር ክለብ ሆኖ ገብቷል፣ ምክንያቱም ሕዝብ ያመጣል። ስለዚህ «ጠንካራ» ሲሉን «ገንዘብ የሚያስገባ» ብለን እንስማው። ያኔ ቢያንስ ቋንቋችን ይገጥማል።

ውበቱስ? አራቱ ቀዳሚዎች እርስ በርስ ተጋጥመው አሸናፊው እንዲለይ ተደረገ። ኤሰንደን ሦስቱንም አሸንፎ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። ሜልበርንን በሴፕቴምበር 4 ያሸነፈው 14 ለ 8 ነው። በአዲሱ አቆጣጠር ጎል ስድስት ነጥብ፣ ለጥቂት የሳተችው ደግሞ አንድ ነጥብ ናት። በዚህ ስሌት ኤሰንደን ያገባው አንድ ጎል ብቻ ነው፣ ሜልበርን ደግሞ ጭራሽ ምንም። ኤሰንደንን ለማሳነስ አይደለም፤ ሻምፒዮንነቱ ይገባዋል። ግን ድሆቹን ስላስወጣችሁ ብቻ ኳሱ በአንድ ሌሊት አያምርም።

ዋናው ሙግቴ ግን እዚህ ጋ ነው። የበር ገቢ የማን ነው? ትልቁ ክለብ «የኔ ደጋፊ፣ የኔ ሜዳ፣ የኔ ገንዘብ» ይላል። እሺ፣ ብቻህን ውጣና ተጫወት እስቲ! ስንት ሰው ይከፍልሃል? አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። ጨዋታ የሚባለውን ነገር የሚያመርቱት ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ የተሸነፈውም ቡድን ለትኬቱ ላቡን ከፍሏል። ስለዚህ ገቢን መካፈል ምጽዋት አይደለም፤ የሥራ ባልደረባን ድርሻ መስጠት ነው።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ራሱ ሊጉ በመጨረሻ ብሎታል! በ1980ዎቹ ክለቦቹ በዕዳ ሲንገዳገዱ የደመወዝ ጣሪያ አመጣ፤ በ1986 ደግሞ ከታች የጨረሰ ክለብ አዳዲስ ተጫዋቾችን ቀድሞ የሚመርጥበትን ድራፍት ጀመረ። በ1990 ስሙን የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሊግ ብሎ የቀየረው ይህ ሊግ ዛሬም የሚተዳደረው በዚሁ መንገድ ነው። አስቡት፤ «አናካፍልም» ብሎ የተወለደ ሊግ በሕይወት የቆየው ማካፈልን ሕግ አድርጎ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን እነሱ ለመማር ዘጠና ዓመት ፈጀባቸው።

«ቢሆንም ሊጉ ትልቅ የሆነው በመገንጠሉ ነው» የሚል አይጠፋም። ትልቅ የሆነውማ ያስወጣቸውን እየመለሰ ነው። ሪችመንድ በ1908 ገባ። ኖርዝ ሜልበርንና ፉትስክሬይ በ1925 ገቡ። ሦስቱ ዛሬ በአንድ ላይ 19 ዋንጫ አላቸው። ሪችመንድ 13፣ ኖርዝ 4፣ ፉትስክሬይ 2። በክብር የተጠራው ሴንት ኪልዳስ? አንድ፤ እሱም በ1966። ፖርት ሜልበርንና ዊሊያምስታውን ግን እስከ ዛሬ ወደ ትልቁ ሊግ አልገቡም። ምን ያህል ዋንጫ ሊያነሱ ይችሉ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ የመገለል ክፋቱ ይኸው ነው፣ ኪሳራው በወረቀት ላይ አይታይም።

በተለይ የፉትስክሬይን ነገር ልብ በሉልኝ። ከወንዝ ማዶ፣ የፋብሪካና የድንጋይ ካባ ሰፈር ነበር። ከደጅ ቀርቶ በአሮጌው ማኅበር በ1898፣ በ1899 እና በ1900 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። «ትልልቆቹ በሌሉበት ነዋ!» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እንዳይገጥማቸው የከለከሉት ግን ራሳቸው ናቸው። በ1924 የሁለቱ ማኅበራት ሻምፒዮኖች ለበጎ አድራጎት ሲገናኙ ፉትስክሬይ ኤሰንደንን፣ ያንኑ የ1897ቱን ሻምፒዮን፣ አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት በሩ ተከፈተለት።

በ1989 ደግሞ ሊጉ ፉትስክሬይን ከፊትዝሮይ ጋር ሊያዋህደው ወሰነ። አይሪን ቻትፊልድ የምትባል ደጋፊ ውሳኔውን ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጣ፤ ክለቡ ተረፈ። ዛሬ ዌስተርን ቡልዶግስ ይባላል፤ በ2016 ከ62 ዓመት በኋላ ዋንጫ አንስቷል። ከስምንቱ «ጠንካሮች» ውስጥ ግን ሳውዝ ሜልበርን በ1982 ሰፈሩን ለቆ ሲድኒ ገባ፤ ፊትዝሮይም በ1996 መጨረሻ ከብሪዝበን ጋር ተዋህዶ ከሊጉ ጠፋ። የዛሬ ጉልበት የነገ ዋስትና አይደለም፤ የማካፈልን ሕግ የሚንድ ክለብ ነገ ራሱ የሚጠለልበትን ጣሪያ ነው የሚነቅለው።

ይህ የድሮ ወሬ የሚመስለው ካለ ኤፕሪል 2021ን ያስታውስ። 12 የአውሮፓ ክለቦች ሱፐር ሊግ ብለው ሲነሱ የተናገሩት የ1897ቱን ነገር ነው። ልዩነቱ ደጋፊው ነው። የእንግሊዝ ደጋፊ፣ የራሱ ክለብ ከተጠሩት ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ አደባባይ ወጥቶ እምቢ አለ፤ ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ አፈገፈጉ።

ፉትስክሬይ ዛሬ የእኛም ሰፈር ነው። ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ብትሄዱ የሀበሻ ምግብ ቤት አታጡም፤ ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ ሠርቶ የሚያድርበት ሰፈር ነው። በ1896 «አትመጥኑም» የተባለው ሰፈር ነው ለሌሎች ቦታ የተገኘበት።

እና በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው «ጠንካሮቹ ብቻቸውን ቢጫወቱ» ሲላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁለት። ዝርዝሩን ማን ጻፈው፣ በሩ ላይስ ማን ቀረ ብላችሁ ጠይቁት።