መምህሩ ከሌለ ባለሙያው ከየት ይመጣል?

በሐጀር ተራሮች ሥር የተቀመጠችው ሐታ በአስተዳደር የዱባይ ብትሆንም ከዋናው ከተማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ግድቧንና የቅርስ መንደሯን ለማየት የሚመጣው ጎብኚ የተራሮቿን ውበት አድንቆ ይመለሳል። በዚያው ስፍራ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ የወሎ ወይም የጅማ ልጅ ግን ተራራው ሌላ ትርጉም አለው። የአገሯን ጋራ ያስታውሳታል፤ ከቆንስላው፣ ከዘመድና ከወዳጅም ይለያታል።

ይህች ሴት በዕረፍት ቀኗ ስልኳን አንስታ ከምትጠይቃቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ መልስ አላቸው። ስለ ሳምንታዊ ዕረፍትና ስለ ዓመት ፈቃድ ብትጠይቅ፣ የተባበሩት ዓረብ ኢማራት እ.ኤ.አ በ2022 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በግልጽ ደንግጎታል። ገንዘብ እንዴት እንደሚላክ ብትጠይቅም የሚነግራት አታጣም። መልስ የሚጠፋው ለሌሎቹ ጥያቄዎች ነው። ጥላው ስትወጣ ገና ይድህ የነበረው ልጇ፣ ስትመለስ እንደ እንግዳ ሲያያት ምን ታደርጋለች? የላከችው ገንዘብ በወንድማማቾች መካከል ጠብ ቢያስነሳ ማን ያስታርቃል? እንቅልፍ ካጣች ወራት ቢያልፉ፣ አመለችኝ ወይም አበደች እንዳትባል ሳትፈራ ለማን ትናገራለች?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የሠለጠነ ሙያ አለ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች «ሶሻል ወርክ» እየተባለ የሚታወቀው የማኅበራዊ ሥራ ሙያ ነው። ይሁንና ባለሙያ ከሰማይ አይወርድም፤ የሚያስተምረው፣ የሚያስተምረውንም በጥናት የሚያጎለብት መምህር ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው። በስደትና ከስደት መልስ ለሚገጥመን ችግር የሚበቃ ባለሙያ የምንሻ ከሆነ፣ አስቀድመን መጨነቅ ያለብን ለመምህሩና ለተመራማሪው ነው።

መምህር ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ በ1959፣ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ ነበር። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በሆስፒታል፣ በማረሚያ ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ የሚሠሩ ባለሙያዎችን አፈራ። የ1974ቱ አብዮት ከፈነዳ በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ፤ ትምህርቱም ከሶሲዮሎጂ ጋር ተቀላቀለ። እንደ ዶክተር አንዳርጋቸው ተስፋዬ ያሉ ምሁራን ስለ ወንጀልና ስለ ማረሚያ ማስተማራቸውንና መጻፋቸውን ቢቀጥሉም፣ ሙያው በስሙ የሚጠራበት ቤት አልነበረውም።

ቤቱ ዳግም የተከፈተው እ.ኤ.አ በ2004 ሲሆን፣ የተጀመረውም በማስተርስ ደረጃ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የዶክትሬት ትምህርት ተጨመረ። በመካከሉ ያለፉት 30 ዓመታት አገሪቱ ጦርነትን፣ የ1984ቱን ረሀብ፣ የመንግሥት ለውጥንና የኤችአይቪ ወረርሽኝን ያስተናገደችባቸው ዓመታት መሆናቸውን ልብ ይሏል። ወላጅ አልባ ሕፃን፣ ተፈናቃይና ከጦር ሜዳ ተመላሽ በበዛበት ዘመን፣ እነርሱን የሚረዳ ባለሙያ በሙያው ስም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም ማለት ነው።

ሲከፈትም ሌላ ችግር ገጠመ። አንድ ሕንፃ በሁለት ዓመት ይሠራል፤ አንድ መምህር ግን በሁለት ዓመት አይደርስም። በመሆኑም ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከውጭ በመጡ ፕሮፌሰሮች፣ በተለይም በቺካጎ ከሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጄን አዳምስ የማኅበራዊ ሥራ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ትብብር መሻገር ነበረበት። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱን ይመሩ የነበሩት ዶክተር አብዬ ታሴ የዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንትም ነበሩ። እንግዶቹ ላበረከቱት ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና ከሩቅ የመጣ መምህር ዕድርን፣ ቅሬን፣ የጉዲፈቻን ልማድ፣ የሽማግሌን ቃል ክብደት ከተማሪው ይማራል እንጂ ለተማሪው አያስተምርም። የተቋረጠ የመምህርነት ሰንሰለት ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ያስከፍላል።

የቺካጎው ኮሌጅ ስሟን የተሸከመላት ጄን አዳምስ ራሷ ለዛሬው ጉዳያችን ትምህርት የምትሆን ሴት ናት። እ.ኤ.አ በ1889 ሐል ሐውስ የተባለውን ቤት የከፈተችው ከአውሮፓ የመጡ ድሆች ስደተኞች በተጨናነቁበት ሰፈር ነበር። እርሷና ባልደረቦቿ እዚያው እየኖሩ ልጆችን አስተማሩ፣ ሴቶችን አገዙ። በዚያ ሳይወሰኑም ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያገኝ፣ በምን ዓይነት ክፍል እንደሚኖር መዘገቡ፤ በ1895ም በካርታ አስደግፈው አሳተሙት። በዚህ ሙያ ውስጥ ማስተማር፣ መመራመርና ማገልገል ከመነሻው አንድ ሥራ ነበሩ። ደግሞም ሙያው ያደገው የስደተኛን ኑሮ በቅርብ በማየት ነው። ከዚህ አንጻር ለእኛ ለስደተኞች እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ወደ ራሳችን ስደት እንመለስ። እ.ኤ.አ ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ብርድ ልብስ፣ ምግብና የመሳፈሪያ ገንዘብ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማን ተከታተለው? የትኛዋ ቤተሰቧን ተቀላቀለች? የትኛዋ ከአፈረችበት ደጅ ሳትደርስ አዲስ አበባ ቀረች? ሁለተኛ ለመሰደድ የወሰነችውስ ለምን ወሰነች? እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ሳምንት ዘመቻ መመለስ አይቻልም። ዓመት ከዓመት ወደ ያው ቀበሌ የሚመለስ፣ ሰዎቹ ስሙን የሚያውቁት፣ ያገኘውንም ለተማሪዎቹ የሚያስተላልፍ ተመራማሪ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው የሚገኘው ደግሞ መምህርነት የዕድሜ ልክ ሙያ ሆኖ ሲያኖር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መከራከሪያዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «እኛ ዕድር አለን፣ ቅሬ አለን፣ ዘካና ሰደቃ አለን፤ ለመረዳዳት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ሬሳ ሲያነሣ ላየ ሰው ይህ አባባል ክብደት አለው። ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁት አበጋሮች ያላቸው ጥበብም ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አያንስም። ነገር ግን ቅሬው የሚያውቀው ሐዘንን ነው፤ በሰው አገር የተጎዳችን ልጅ ጉዳት እንዴት እንደሚይዝ ግን ልማድ አላወረሰውም። የሠለጠነ ባለሙያ ሥራው ቅሬውን መተካት ሳይሆን ቅሬው ያላየውን ማሳየት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች በገዳም ሰፈር የሠሩት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ወደ ሰፈሩ ሲገቡ «ምን ጎደላችሁ?» ብለው ሳይሆን «ምን አላችሁ?» ብለው በመጠየቅ፣ የነዋሪውን የራሱን አቅም መነሻ ለማድረግ ሞክረዋል። እንዲህ ያለውን አሠራር ከቅሬና ከአበጋር ልምድ ጋር አዋሕዶ የሚያስተምር መምህር ቢኖረን የሙያው ትምህርት የእኛው ይሆናል።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ድሃ አገር ቅድሚያ ለሐኪምና ለመሐንዲስ ይስጥ» የሚል ነው። ሐኪም ቁስሉን ያክማል፤ ታካሚዋ ወደ ማን ቤት እንደምትመለስ መጠየቅ ግን የሌላ ሙያ ሥራ ነው። መንግሥትም ቢሆን እ.ኤ.አ በ2014 ያጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ፣ እንዲሁም በገጠርና በከተማ የሚካሄደው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ ማን በእርግጥ እንደተቸገረ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ይሻሉ። ባለሙያ የሌለው ፖሊሲ ባለቤት እንደሌለው እርሻ ነው።

ታዲያ መምህሩን ምን ያሸሸዋል? አንደኛው ኑሮ ነው። እ.ኤ.አ በ2022 መጨረሻ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም መድረሳቸው የሚታወስ ነው። በማኅበራዊ ሥራ የሠለጠነ ሰው ደግሞ የዕርዳታ ድርጅቶች በእጥፍና ከዚያም በላይ ከፍለው ሊወስዱት ይችላሉ። ሁለተኛው የሥራው መለኪያ ነው። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለማደግ ሚዛን የሚደፋው የታተመ ጥናት ነው። ተማሪዎቹን በየሆስፒታሉና በየቀበሌው እየዞረ ሲቆጣጠር የሚውለው መምህር ጫማውን ጨርሶ ዕድገቱን ሳያገኝ ይቀራል። ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ስለ ደሴና ስለ ሐርቡ ተመላሾች የተደረገ ጥናት በእንግሊዝኛ ታትሞ በውጭ መጽሔት ሲቀመጥ፣ የደሴ እናት ስለ ራሷ የተጻፈውን አታነበውም፤ የቀበሌው ሠራተኛም አይሠራበትም።

መፍትሔውም ከእነዚሁ ይመነጫል። ዩኒቨርሲቲዎች የመስክ ቁጥጥርን እንደ ጥናት ሁሉ ለዕድገት ሊቆጥሩት ይገባል። ጥናቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች አሳጥሮ ለተጠናው ሕዝብ ለሚመልስ ተመራማሪ ዋጋ ሊሰጡ ይገባል። በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በጅማ ያሉት የትምህርት ክፍሎች ደግሞ ስደተኛ ለሚወጣባቸው ወረዳዎች ቅርብ ናቸውና የስደት ተመላሽን ጉዳይ የራሳቸው የምርምር መስክ ቢያደርጉት ያምርባቸዋል።

ስደት ሁለት ጫፍ አለው፤ ጥናቱም ሁለቱንም ጫፍ ማየት አለበት። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት እዚህም ይሰጣል፤ በአል ዐይን የሚገኘው የተባበሩት ዓረብ ኢማራት ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። ኢማራትም የ2025ን ዓመት «የማኅበረሰብ ዓመት» ብላ ሰይማ ነበር። የኢትዮጵያና የኢማራት ተመራማሪዎች በጋራ ቢሠሩ፣ አንዷን ሠራተኛ ሐታ ላይ ያገኛትን ተመራማሪ ጥያቄ፣ ከተመለሰች በኋላ ቃሉ ወይም ከሚሴ ላይ የሚቀጥለው ባልደረባ ይኖር ነበር። አሠሪዋም፣ ቤተሰቧም፣ ሁለቱ መንግሥታትም ይጠቀማሉ። ዓረብኛና አማርኛ አጣርቶ የሚያውቅ፣ እዚሁ ያደገ ልጅ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻለ ነው።

ለእኛ ለነዋሪዎቹ የሚተርፈውም ቀላል አይደለም። ልጃችን ማኅበራዊ ሥራ መማር እፈልጋለሁ ሲል «የቀበሌ ሥራ ልትሠራ ነው?» ብለን አናሸማቅቀው። ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጥቶ ስለ ኑሯችን ሲጠይቀን፣ ማንነቱንና ዓላማውን ካረጋገጥን በኋላ እውነቱን እንንገረው፤ ያልተነገረ ችግር አይማሩበትም፣ አያስተምሩበትም። የምንረዳ ከሆነም በአገሩ ሕግ መሠረት ይሁን። በኢማራት ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ የሚፈቀደው ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ ነው። ሆኖም ማንም ሰው ለእህቱ ወይም ለአጎቱ ልጅ የማስተርስ ትምህርት ከደመወዙ ከፍሎ ቢያስጨርስ የሚከለክለው የለም። አባቶቻችን ለመድረሳና ለደረሳ ቀለብ ወቅፍ ሲያቆሙ ኖረዋል፤ ዕውቀትን መደገፍ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ሰው ለሰው አማና ነው። ሐታ ላይ ስልኳን ይዛ የምትጠይቀውን የሚያጣት ያቺ ሴት አንድ ቀን ወደ አገሯ ትመለሳለች። ያን ቀን በቀበሌዋ ወይም በጤና ጣቢያዋ ጠረጴዛ ጀርባ የሚቀመጠው ሰው «ተቀመጪ፣ እህቴ፤ ከየት እንጀምር?» ማለትን የሚያውቅ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው ዛሬ ነው። ያንን ሰው የሚያስተምረው መምህር ዛሬ ክፍል ውስጥ ካልቆየ፣ ያን ቀን ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ባዶ ወንበር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ለ30 ዓመታት አይተነዋል።