ከንብ እስከ "የቀን ጅብ"፦ የፓርቲ ቅጽል ስም ሰው ላይ ሲለጠፍ

አራዳ ላይ ስም የማይወጣለት ነገር የለም። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥበትን ታክሲ "ውይይት"፣ መንገዱን ሁሉ የኔ ነው የሚለውን አይሱዙ "አልቃይዳ" ያለ ከተማ ለፓርቲ ስም ቢሰጥ አይገርምም።

አንዳንዱ ፓርቲ እንስሳውን ራሱ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1912 ቴዎዶር ሩዝቬልት ከሪፐብሊካን ወጥቶ ሦስተኛ ፓርቲ ሲመሠርት ጥንካሬውን "ሙስ" ከሚባለው ግዙፍ የሰሜን አጋዘን ጋር አነጻጸረ፤ ስሙ ፓርቲው ላይ ቀረ። ኢሕአዴግም ለምርጫ ምልክቱ ንብን መረጠ። ታታሪ ናት፣ ማር ትሠራለች። (መናደፏን ፖስተሩ ላይ አልጻፉትም።) ግንቦት 7 ቀን 1997 ግን አዲስ አበባ ላይ ንቧ በቅንጅት ሁለት ጣት ተሸነፈች፤ ከ138 የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ቅንጅት ወሰደ።

"የቀን ጅብ" ግን ሌላ ታሪክ ነው። ይሄኛውን ማንም ለራሱ አልመረጠውም። ሰኔ 2010 ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አፍ ወጥቶ አገር አዳረሰ። ጅብ ሲጨልም ነው የሚወጣው፤ በቀን ከወጣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ የሚዘርፍ ባለሥልጣንን ለመግለጽ እውነትም ጥሩ ቃል ነው። ብዙ ሰሚ ግን ወዲያው ሕወሓት ብሎ ተረጎመው።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ሌባ ስም አለው፣ ፋይል አለው፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጅብ ፋይል የለውም፤ ይባረራል ወይ ይገደላል። ቃሉ ከባለሥልጣን ወደ ፓርቲ፣ ከፓርቲ ወደ ትግርኛ ተናጋሪ ለመውረድ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ሥልጣን በሩቁ እንኳ አይቶ የማያውቅ ባለሱቅና ተማሪ "ጅብ" ሲባል ሁላችንም ስልካችን ላይ አይተናል። አንዳንዶቻችን ስቀናል፣ ሼርም አድርገናል።

ጦርነቱን ቃሉ አመጣው እያልን አይደለም። ግን ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሲጀመር ቃሉ አፋችን ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በ2014 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ብዙ የትግራይ ተወላጆች ከዚሁ ከተማ ሲታሰሩ፣ ጎረቤት ተወስዶ ዝም ማለት የቀለለን ለምን ይመስላችኋል?

ንቧ ኢሕአዴግ በ2012 ሲፈርስ አብራ ሄደች፤ ብልጽግና በ2013 ምርጫ በአምፖል ቀረበ። ጅቡ ግን አሁንም አለ፤ ዛሬ የሚለጠፈው ሌላ ሰው ላይ ነው።