ጭብጨባ ዳኛ አይደለም

ሰው በዳኝነት ወንበር ሳይቀመጥ ከሚሰጣቸው ፍርዶች ብዙዎቹ የሚሰጡት በጨዋታ ቦታ ነው። ችሎት ፊት ቢቆም ቃሉን መዝኖ የሚናገርና ምስክር ሳልሰማ አልፈርድም የሚል ሰው፣ ቴያትር ቤት ገብቶ በተቀመጠ ጊዜ በአንድ ፉጨት የሌላውን ሰው የብዙ ዓመት ድካም ይሽራል። ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ቢሉት «ጨዋታ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን ጨዋታ አይደለም እላለሁ። በትንሹ ነገር በግፍ መፍረድ የለመደ ሰው፣ ትልቁ ነገር በእጁ በገባ ጊዜ በቅን ሊፈርድ አይችልም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነኝ የአሜሪካ ቮድቪል ነው። ቮድቪል ከ1880ዎቹ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚያ አገር ከተሞች እጅግ የተወደደ የቴያትር ዓይነት ነበር። በአንድ ምሽት እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ስምንት ወይም ዘጠኝ ትርኢቶች ይቀርባሉ፤ ዘፋኙ፣ ቀልደኛው፣ አክሮባቱ፣ ምትሃተኛው፣ የሠለጠነ ውሻ የሚያጫውተው፣ ሁሉም በየተራቸው ይወጣሉ። ተራው ደግሞ እንዲሁ በዘፈቀደ የተደረደረ አልነበረም። መጀመሪያ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ንግግር የሌለው ትርኢት ነው፤ ዘግይተው የሚገቡ ሰዎች ወንበራቸውን ሲፈልጉ ቃል ሊሰማ አይችልምና። ዝነኛው ሰው የሚወጣው ከመጨረሻው በፊት ባለው ተራ ነው። የመጨረሻው ግን ተመልካቹ ካፖርቱን እየለበሰ ሲወጣ ጀርባ ጀርባውን እያየ ይሠራል። አንዳንዱም ከመጋረጃው ፊት ባለችው ጠባብ ቦታ ቆሞ ሲዘፍን፣ ከመጋረጃው በስተኋላ ሠራተኞች ለሚቀጥለው ትርኢት ዕቃ ይጎትታሉ።

እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሳያውቅ «የመጀመሪያው ምንም አላስጨበጨበም፤ ስለዚህ ከንቱ ነው» ብሎ የሚፈርድ ሰው ምን ዓይነት ዳኛ ነው? የአክሮባቱን ሥራ በቀልደኛው ሚዛን መመዘን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የፍርድ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ሠሪው ምን ሊሠራ እንደ ወጣና በምን ሁኔታ እንደ ሠራው ሳታውቅ አትፍረድ።

የቴያትር ቤቶቹ ሥራ አስኪያጆች ይህን ከተመልካቹ ይልቅ ያውቁት ነበር። ቤንጃሚን ኪዝ ባቋቋማቸው ቴያትር ቤቶች፣ ሥራ አስኪያጁ አዲስ ሳምንት ሲጀመር ትርኢቶቹን ሁሉ ተመልክቶ ስለ እያንዳንዱ ሪፖርት ይጽፍ ነበር፤ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ፣ የመድረኩን ምን ያህል ቦታ እንደ ያዘ፣ ሕዝቡም እንዴት እንደ ተቀበለው። እነዚህ መዝገቦች ዛሬም በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። የጻፏቸው ሰዎች ነጋዴዎች ናቸው እንጂ ቅዱሳን አይደሉም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ለገበያቸው ነበር። ቢሆንም ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ስምንቱን ትርኢት በስምንት ሚዛን የሚመዝን ነጋዴ፣ በጎረቤቱ እጅ ላይ ተመርኩዞ ከሚያጨበጭብ የተማረ ሰው ይሻላል።

«ሕዝብ ያጨበጨበለት ጥሩ ነው፤ ሕዝብ የሣቀበት መጥፎ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የቼሪ እኅትማማቾችን ታሪክ ይስሙ። ከአይዋ ገጠር የመጡ ድሆች ሴቶች ነበሩ። ራሳቸው ያዘጋጁትን ዘፈንና ተውኔት ይዘው ወደ መድረክ ወጡ፤ ሥራቸው ግን ደካማ ነበር። በ1896 ኦስካር ሐመርስታይን የተባለው የኒው ዮርክ ባለ ቴያትር ቀጥሮ ወሰዳቸው፤ የቀጠራቸውም ችሎታ አላቸው ብሎ ሳይሆን ሕዝቡ ሊያፌዝባቸው ይመጣል ብሎ ነው። እንዳሰበውም ሕዝቡ ገንዘቡን ከፍሎ ጎረፈ። አትክልት እየወረወረ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አለ። ከዚህ በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ስለ ዘፈናቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ፊታቸውና ስለ አካላቸው ጭምር እየዘበተ ጻፈባቸው። እነርሱም ጽሑፉን ደግሞ ያተመውን ጋዜጣ ከሰሱ። የአይዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1901 ለጋዜጣው ፈረደ፤ ሥራውን በሕዝብ ፊት ያቀረበ ሰው፣ ተቺው በክፋት እስካልተነሣ ድረስ፣ ትችትንና ፌዝን ሊቀበል ይገባዋል አለ።

ፍርድ ቤቱ ልክ ነበር። ደካማ ሥራን ደካማ ነው ብሎ የሚጽፍ ሁሉ ወህኒ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ፣ እውነት የሚናገር አንድ ሰው ባልተገኘ ነበር። ዳሩ ግን ሕግ የፈቀደው ሁሉ ለጨዋ ሰው የተገባ አይደለም። ሕጉ ጋዜጠኛውን ከቅጣት አዳነው እንጂ ሰው አላደረገውም። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ ዘፈኑ የሴቶቹ ሥራ ነውና ይነቀፍባቸው፤ መልካቸውን ግን እነርሱ አልሠሩትም። «ገንዘቤን ከፍያለሁና መሳለቅ መብቴ ነው» የሚልም ቢኖር፣ የመግቢያው ወረቀት ወንበር ይገዛል እንጂ የሰው ክብር አይገዛም ብዬ እመልስለታለሁ።

ጭብጨባም ቢሆን እንደ ፉጨቱ ሊበድል ይችላል። በርት ዊልያምስ የተባለው ጥቁር ቀልደኛ ከጓደኛው ከጆርጅ ዎከር ጋር በቮድቪል ዝና ያተረፈ ሰው ነበር። ሁለቱ በ1906 «አቢሲንያ» የተባለ የሙዚቃ ተውኔት በኒው ዮርክ አቀረቡ፤ በታሪኩም ጥቁር አሜሪካውያን ተጓዦች ወደ ዳግማዊ ምኒልክ አገር ይመጣሉ። ይህ ታላቅ ባለ ሙያ ጥቁር ሆኖ ሳለ ወደ መድረክ ሲወጣ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ ያጠቁር ነበር፤ የዘመኑ ተመልካች የለመደው የጥቁር ሰው ቀልድ እንዲህ ያለ ነበርና። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ፣ በብዙ ቴያትር ቤቶች የገዛ ወገኖቹ የሚቀመጡት ከላይ በሰገነቱ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለጥበቡ ነበር ወይስ ለጠቆረው ፊቱ? ራሱን ይህን ሳይጠይቅ ያጨበጨበ ሰው አልፈረደም፤ ጮኸ እንጂ።

በሌላው ወገን ደግሞ «መንቀፍ ቅናት ነው፤ ሁሉን አመስግን» የሚሉ አሉ። ይህም ከድፍረቱ ያላነሰ በደል ነው። ከአንገት በላይ የሚያመሰግን ሰው ሠሪውን ባለበት ያስቀረዋል፤ ጥሩውንና መጥፎውን ለይቶ ያልተነገረው ሰው ሊሻሻል አይችልም። ሳይም ሲልቨርማን የተባለው የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ በጋዜጣው ማስታወቂያ የገዛን አንድ ትርኢት መጥፎ ነው ብሎ ስለ ጻፈ ከሥራው ተባረረ። እርሱ ግን ብዕሩን አላጠፈም፤ በዚያው በ1905 «ቫራይቲ» የተባለውን የራሱን ጋዜጣ አቋቋመ። እንጀራውን ለእውነት ብሎ ያጣ ሰው ቢነቅፈኝ እወዳለሁ፤ ለማስታወቂያ ዋጋ የሚያመሰግነኝን ግን እፈራዋለሁ።

ቮድቪል አልፏል። ዝነኛው የኒው ዮርክ ፓላስ ቴያትር እንኳ በ1932 ወደ ሲኒማ ተለወጠ። የቮድቪል ተመልካች ግን አላለፈም። ዛሬ በእጅህ ባለው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንዱ ሲዘፍን፣ ሌላው ሲያስተምር፣ ሦስተኛው ሲቀልድ በየተራ ያልፉልሃል፤ አንተም በአውራ ጣትህ ትፈርዳለህ። ያ ተመልካች ቲማቲሙን ሲወረውር ቢያንስ ፊቱ ይታይ ነበር፤ አንተ ግን ተሰውረህ ትወረውራለህ።

ስለዚህ፣ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ከመፍረድህ በፊት፣ ከመፍረድሽም በፊት፣ ይህን ጠይቁ። ሠሪው ምን ሊሠራ ተነሣ? የምነቅፈው ሥራውን ነው ወይስ ፍጥረቱን? ይህን ቃል ፊት ለፊቱ ቆሜ እደግመዋለሁን? ለዚህ መልስ ካገኛችሁ፣ መጥፎውን መጥፎ ነው ለማለት አትፍሩ። ካላገኛችሁ ግን እጃችሁንም አፋችሁንም ሰብስቡ፤ ዝም ያለ ሰው በማንም ላይ በሐሰት አልፈረደምና።